የዛፉን አንገት እዩ፤ ስለ ዚፕላይን ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ሞንቴቬርዴ፣ ማለትም ኮስታ ሪካ ተራራ ላይ ስላለው የደመና ደን፣ ሁለት አንቀጽ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ መልዕክት ሁሉ ስለ ዚፕላይን ሆኗል። ለማያውቀው፣ በረጃጅም ዛፎች መካከል በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ደኑን ከላይ እየተንሸራተቱ ማቋረጥ ነው። ደስ ያለኝ ግን ብዙዎቻችሁ "ያስፈራል ወይ" ከማለታችሁ በፊት "ደኑን አይጎዳም ወይ" ማለታችሁ ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ጨፍልቄያለሁ፣ ቅር እንዳትሰኙ።

"ሁሉም ድርጅት ስሙ ላይ 'ኢኮ'፣ ማለትም ለተፈጥሮ ተስማሚ፣ ብሎ ይለጥፋል። እውነተኛውን በምን ልለይ?" (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በመጋቢት ሊሄድ ያሰበ)

ግንዱን እይ። በቃ።

ዛፉ ላይ የተሠራው መድረክ ላይ ስትወጣ ወደ ታች አትመልከት፣ እሱ ይቆይህ። አስጎብኚው መንጠቆህን እስኪያስር ድረስ ገመዱ ግንዱን የያዘበትን ቦታ እይ። እኔ የዛፉ አንገት እለዋለሁ። ዛፍ ቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለች ስስ ሽፋን ነው። ገበሬ ዛፍ ማድረቅ ሲፈልግ ቅርፊቱን ዙሪያውን ይልጠው የለ? ግንዱን በብረት ገመድ ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ ማሰርም ያው ነው፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ዛፉ በየዓመቱ ይወፍራል፣ ገመዱ ግን አይሰፋም። ጥቂት ዓመት ቆይተህ ብትመለስ ገመዱ ቅርፊቱ ውስጥ ሰምጦ፣ ከላዩ ያለው ግንድ እንደ እንቅርት አብጦ ታገኘዋለህ። እንዲህ ያለ ግንድ ካየህ፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የፈለገውን ይበል።

ደህና ቦታ ላይ በገመዱና በቅርፊቱ መካከል የእንጨት ጉማጆች ተደርድረው ታያለህ። ገመዱ የሚጫነው ጉማጆቹን ነው። በጉማጅና በጉማጅ መካከል ያለው ቅርፊት ነፃ ነው፣ ዛፉ ሲወፍር ደግሞ ገመዱን ያላሉታል። ግንዱን በስተው ወፍራም ቡሎን የሚያስገቡም አሉ። መጀመሪያ ሳየው ጭካኔ መስሎኝ ነበር፣ አብሮኝ የነበረውን አስጎብኚ ሁሉ ተቆጥቼዋለሁ። ለካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ቀዳዳ ከሆነ ዛፉ ቁስሉን ከቦ ዘግቶ ይኖራል፣ ዙሪያውን የታነቀ ግን ምግቡ አይወርድለትም። ዛፍ ጨርሶ ሳይነኩ በብረት ወይም በእንጨት ማማ ላይ ገመዱን የሚወጥሩም አሉ። ማማው መልኩ አያምርም፣ ፎቶ ያበላሻል፣ ግን እዳውን ዛፉ አይከፍልም።

ከዚያ አስጎብኚውን "ይሄን ገመድ መጨረሻ ያላላችሁት መቼ ነው?" በለው። "ማላላት ምንድን ነው?" ካለህ መልሱን አገኘህ። የአገሪቱ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ሲኤስቲ የሚባል የዘላቂ ቱሪዝም ሰርተፍኬትም አለ። ካላቸው ጥሩ ነው፣ ጠይቅ። እኔ ግን ከወረቀቱ ይልቅ ግንዱን አምናለሁ።

"እዚያ ድረስ በአውሮፕላን በርሬ ሄጄ አካባቢ ጠባቂ ነኝ ማለት አያሳፍርም?" (ያው ሰውዬ)

ትንሽ ያሳፍራል። በረራው ደኑ ውስጥ ከምታደርገው ከማንኛውም ነገር የበለጠ ጭስ አለው፣ እሱን መሸፋፈን አልችልም። ስለዚህ የምትፈልገው መንሸራተቱን ብቻ ከሆነ አንተ ካለህበት ግማሽ ሰዓት መኪና ነድተህ ሳንዲ ስፕሪንግ ሂድ። እዚያ ዛፍ ለዛፍ የሚያንሸራትት ቦታ አለ፣ ያውም የኩዌከሮች (ጦርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ናቸው) ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ይሄ የሚገርመኝ አጋጣሚ ነው፣ ምክንያቱም ሞንቴቬርዴንም የቆረቆሩት ኩዌከሮች ናቸው። ሰው አንገድልም ብለው ለውትድርና አንመለመልም ያሉ ሰዎች ናቸው፣ እስር ቤት የገቡም አሉባቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 ከአላባማ ተነስተው፣ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ሠራዊቱን ወደ በተነው አገር ተሰደዱ። ላም አርብተው አይብ መሥራት ጀመሩ፣ ከምንጩ በላይ ያለውን ደን ግን ውሃው እንዳይደርቅ ብለው ሳይነኩ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1972 ለተቋቋመው የተጠበቀ ደን መነሻው ይሄ ነው።

የምትፈልገው ደኑን ከሆነ ግን ሂድ። ሂድና ቶሎ አትመለስ። ሦስት አገር በአሥር ቀን ከመሮጥ ሞንቴቬርዴ አጠገብ ባለችው ሳንታ ኤሌና ከተማ አንድ ሳምንት ተቀመጥ። በነገራችን ላይ የሳንታ ኤሌናን የደን ጥብቅ ቦታ የሚያስተዳድረው የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። መግቢያ የምትከፍለው ብር ልጆች ያስተምራል። ከዚህ የተሻለ አከፋፈል አላውቅም።

"ከላይ ስሄድ ብዙ እንስሳ አያለሁ?" (ከቴል አቪቭ)

አታዪም። ፑሊው፣ ማለትም የምትንጠለጠዪበት መዘውር፣ ገመዱ ላይ ሲሮጥ የሚያወጣው ድምፅ አለ፣ ሹል የሆነ "ዥዥዥ"። በዚያ ላይ ከፊትሽ የሄደው ሰው ይጮሃል። ጤነኛ ጦጣ እዚያ ምን ይሠራል?

ወፍ ለማየት ተንጠልጣይ ድልድዮቹ ላይ በእግርሽ ሂጂ። ከዛፎቹ አናት ጋር ትከሻ ለትከሻ ትሆኛለሽ፣ መቆምም ትችያለሽ፣ ዋናው እሱ ነው። ሁሉም የሚፈልገው ኬትዛል የሚባለውን አረንጓዴ ወፍ ነው። ወንዱ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ጭራ አለው። የበሰበሰ ግንድ ቦርቡሮ ይፈለፍላል፣ የጫካ አቮካዶ ይበላል። ከመጋቢት ጀምሮ ያሉት ጥቂት ወራት የመራቢያ ጊዜው ናቸው፣ ስለዚህ ደህና ድርጅት በዚያ ሰሞን ጎጆ የተገኘበትን መስመር ይዘጋል ወይም ሰው ይቀንሳል። "ዛሬ ይሄ መስመር ዝግ ነው" ቢሉሽ አትናደጂ፣ እንዲያውም ጉርሻ ጨምሪላቸው።

ጫማሽንም ከመግባትሽ በፊት ጭቃውን አራግፊ። የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃ ሻጋታ በጭቃ ይጓጓዛል። ሞንቴቬርዴ ብቻ ትኖር የነበረች ወርቃማ እንቁራሪት ነበረች፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ ያያት የለም። አንዱን ጥፋተኛ ብሎ መጠቆም ይከብዳል፣ የአየር ጠባዩ መድረቅም ይነሳል፣ ሻጋታውም ይነሳል። ጫማ ማራገፍ ግን ምንም አያስከፍልም።

"ጀበል ጃይስ ያለውስ እንደዚሁ ነው?" (ከዱባይ)

አይደለም። ጀበል ጃይስ በሚባለው የራስ አል ኸይማ ተራራ ላይ ያለው ዚፕላይን 2.83 ኪሎ ሜትር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲከፈት በርዝመቱ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። ግን ራቁት ተራራ ላይ ነው፣ የሚታነቅ ዛፍ የለም። ፍጥነት ከወደድሽ ሂጂ፣ ከደን ጋር አታምታቺው።

"እኛ አገርስ? ቦንጋ አካባቢ ጓደኞቼና እኔ አንድ ልንሠራ አስበናል። ሞኝነት ነው?"

ሞኝነት አይደለም፣ ግን ቀስ በሉ። ይሄ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ላውራ።

ዛፍ አናት ላይ በገመድ መውጣት በእናንተ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የካፋ ንብ አርቢ ቀፎውን ረጅሙ ቀረሮ ጫፍ ላይ በገመድ እየወጣ የሚሰቅለው ከስንት ትውልድ ጀምሮ ነው። ኮስታ ሪካ ውስጥ ዶናልድ ፔሪ የሚባለው ባዮሎጂስት የዛፎቹን አናት ለማጥናት በገመድ መውጣትና መንሸራተት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ቱሪስቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማማከር ያለባችሁ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መሐንዲስ ሳይሆን ቀፎ የሚሰቅሉትን አባቶች ነው። የትኛው ዛፍ ውስጡ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ቅርንጫፍ በክረምት እንደሚወድቅ እነሱ ያውቃሉ። ደግሞ ቀፎ ባለበት ዛፍ ገመድ መወጠር የለባችሁም። ንብ መንቀጥቀጥ አትወድም፣ መሐል አየር ላይ ተንጠልጥሎ ደግሞ መሮጫ የለም።

ሁለተኛ፣ ቦታው። ካፋ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሪዘርቭ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሦስት ቀጠና አለው፣ የማይነካ እምብርት፣ በዙሪያው መከለያ፣ ከዚያ ሰው የሚኖርበትና የሚሠራበት። ዚፕላይን እምብርቱ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ዳር ላይ፣ ድሮ ተመንጥሮ እያገገመ ያለ ቦታ ፈልጉ። ገመድ የሚያልፍበት መስመር ቅርንጫፍ ማስቆረጡ አይቀርም፣ ስለዚህ በተፈጥሮ ክፍት የሆነውን ሸለቆ ተከተሉ። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ የሚዘሉበትን መንገድ ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ቁጭ ብላችሁ መዝግቡ፣ እሱን አትቁረጡባቸው።

ሦስተኛ፣ ብሩ። ደኑን በጋራ የሚጠብቅ ማኅበር ካለ ከትኬቱ ስንት በመቶ እንደሚያገኝ ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ተፈራረሙ። "ሥራው ሲጀመር እናያለን" የተባለ ነገር የት እንደሚደርስ አንተም ታውቃለህ። እና በየዓመቱ ገመዱን የሚመረምር፣ ከናንተ ጋር ዝምድና የሌለው ባለሙያ የምትከፍሉበት በጀት ከሌላችሁ፣ እባካችሁ የእግር መንገድና አንድ ድልድይ ሠርታችሁ ቡና አፍሉ። እሱም ያበላል።

"እንጦጦ ያለውን ሞክሬዋለሁ። እንደ ደን ይቆጠራል?" (ከሽሮ ሜዳ)

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ያለውን ማለትህ ከሆነ፣ ጥሩ መለማመጃ ነው። ግን በአብዛኛው የምታየው ባሕር ዛፍ ነው፣ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ። የደመና ደን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሞንቴቬርዴ አካባቢ ከ400 በላይ የኦርኪድ ዓይነት አለ፣ ብዙው ዛፍ ላይ የሚበቅል። እንጦጦ ላይ ቶሎ ትንፋሽ ቢያጥርህ ደግሞ ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ ከፍታውም አለበት።

"መሐል ላይ ብቆምስ?" (አራት ሰው ጠይቆኛል)

እኔ ቆሜያለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። 58 ኪሎ ነኝ፣ ቀላል ሰው ቶሎ ይቆማል፣ በዚያ ላይ ፈርቼ ፍሬኑን ቀድሜ ያዝኩ። ፍሬን የሚባለው የራስህ እጅ ነው፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት ታደርግና ገመዱን ከፑሊው በስተኋላ ጫን ታደርገዋለህ። በስተኋላ ነው ያልኩት! ከፊት ከያዝከው ፑሊው ጣትህ ላይ ይወጣል። (ፍሬኑን መድረኩ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚይዝባቸው ቦታዎችም አሉ፣ እሱ ይሻላል።) ገመዱ ሲረጥብ ጓንቱ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ በዝናብ ቀን ፍሬን መያዝ ቶሎ ጀምር። መብረቅ ካለ ግን ሥራው መቆም አለበት፣ ካላቆሙ አንተ ተመለስ።

መድረኩ ሊደርስ አምስት ሜትር ሲቀረኝ ቆምኩ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ ገመዱ የረገበበት መሐል ላይ ተቀመጥኩ። ጓንቴ የተቃጠለ ቆዳ ይሸታል። እግሬ ሥር ጭጋግ ነው። አስጎብኚው ገመዱ ላይ እየተሳበ እስኪመጣ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ፈጀ፣ በዚያች ጊዜ አንድ ቅርንጫፍ እዚህ፣ ክንድ ርቀት ላይ፣ ሙሉ በሙሉ የዛፍ ሽበት የለበሰ ሆኖ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ሽበቱ መሐል ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል ኦርኪድ አብባለች። በዚያ ቀን ከተንሸራተትኩባቸው አሥራ አንድ ገመዶች ሁሉ የማስታውሰው እሱን ነው። ስለዚህ ብትቆም እጅህን ሰብስብ፣ ዙሪያህን እይ፣ ይመጡልሃል።

"እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ እኔም ልሂድ ትላለች። በቀሚስ ይቻላል? ነጠላዋንስ?" (ከሚኒያፖሊስ)

ቀበቶው በጭን መካከል ስለሚያልፍ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ያድርጉ። ነጠላው መድረኩ ላይ ከአስጎብኚው ጋር ይቅር፣ ፑሊ የሚወደው ጥለት ነው፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ሹሩባው በሄልሜት ሥር ይግባ፣ የጆሮ ጌጥ ይውለቅ። የልብ፣ የወገብ ወይም የግፊት ነገር ካላቸው ሐኪማቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ድርጅቱንም የክብደት ገደቡን ጠይቂው፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በመጨረሻው ሰዓት "ይቅርብኝ" ካሉ ደግሞ አትጎትቻቸው፣ አንዳንድ ቦታ ከመጀመሪያው መድረክ መውረጃ ደረጃ አለው፣ ሲመዘገቡ ጠይቂ። ነጠላቸውን ሲመለሱ መቀበል እንዳይረሱ።