ጌም እየሠራሁ ሥራ ልፈልግ?

ጥያቄ፦ «ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምጽፍልዎት። አምና በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ እስካሁን ሥራ አላገኘሁም። በጎን ለተማሪዎች የሚሆን የስትራቴጂ ጌም እየሠራሁ ነው። ተጫዋቹ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ውኃና እንፋሎት እያማረጠ በተወሰነ በጀት ለአንድ ከተማ መብራት ያቀርባል። ለጊዜው ሁሉም ማመንጫ ዓመቱን ሙሉ እኩል ያመነጫል። ታላቅ ወንድሜ ‹ጌም እንጀራ አይሆንም፣ ተይው› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ወንድምሽ እውነቱን ነው፤ እዚህ አገር ለጌም ሠሪ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ማስገባትሽን አታቁሚ። ጌሙን ግን እንዳትተዪው። ቀጣሪ የሚፈልገው ነገር ውስጡ አለ፤ ገና አላወጣሽውም እንጂ።

ያ «እኩል ያመነጫል» ያልሽው መጀመሪያ ይቀየር። የአዳማ ሁለት የነፋስ ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት ነው ሲባል ነፋሱ በደንብ ሲነፍስ ማለት ነው። ፀሐይ ደግሞ ሰው አምፖል በሚያበራበት ሰዓት የለችም። ከመሬት ውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ቀን ከሌት ይሠራል፤ ግን ቁፋሮው ውድ ነው፣ ተቆፍሮም ባዶ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ የግድብ ውኃ እየቀነሰ በሚሄድበት ወቅት ነው። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህን የደረሰበት ልጅ ሁለቱን ያጣምራል፤ ያልደረሰበት በጋው ሳያልቅ ከተማውን ያጨልማል።

አንዱን ደረጃ የፋሲካ ዋዜማ አድርጊው። ግድቡ ጎድሏል፤ ብሎኩ ሁሉ እንጀራ እየጋገረ ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ሆነሽ ይህን እኔ ልነግርሽ አይገባም። የረጲው የቆሻሻ ማመንጫ ቢገባበትም አልጠላም፤ ልጆች ይወዱታል።

ከዚያ አሳንሺው። አንድ ከተማ፣ አንድ ዓመት፣ በቃ። ብዙው ተማሪ ያለው ስልክ እንጂ ላፕቶፕ አይደለም፤ በርካሽ አንድሮይድ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ። ጎዶት የሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ለዚህ ይበቃል። ሰፈርሽ ያለ ትምህርት ቤት ሄደሽ የፊዚክስ መምህሩን አናግሪ፤ ልጆቹ ሲጫወቱም ቁጭ ብለሽ እዪ። አታስረጂ። የት እንደሚደናገሩ ብቻ ጻፊ።

ሲቪሽ ላይ «ጌም ሠርቻለሁ» ብለሽ አትለፊው። «የአንድ ከተማን የኃይል ፍላጎትና አቅርቦት በሰዓትና በወቅት የሚያሰላ ሞዴል ሠርቼ በተማሪዎች ሞክሬያለሁ» ብለሽ ጻፊ። የሶላር ተከላ ድርጅቶች የዕለት ሥራቸው ይኸው ስሌት ነው፦ ቤቱ በቀን ስንት ይጠቀማል፣ ስንት ፓኔልና ስንት ባትሪ ይበቃዋል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ አንዱ ያመነጫል፣ ሌላው ለደንበኛ ያዳርሳል። ማስታወቂያ ሲወጣ ሁለቱም ጋ አስገቢ። ለሶላር ድርጅቶቹ ግን ማስታወቂያ አትጠብቂ፤ ጌሙን ስልክሽ ላይ ጭነሽ በአካል ሂጂ።