«ጠበኛ» የሚለውን ቃል ለሁለት ሳምንት ከቤት ያውጡት

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ15 ዓመቱ ልጄ ጠበኛ ሆኖብኛል። በሩን እያላጋ ይወጣል፣ ታናሽ ወንድሙን ይመታል። ጠበኛ አትሁን ብዬ ብመክረው አይሰማም። እሑድ አጎቱ ቡና ሊጠጣ መጥቶ «ይኼ ጠበኛ አሁንም አልታረመም?» ቢል ሲኒውን ወርውሮ ሰበረው። አባቱ ለሥራ መተማ ከሄደ 8 ወር ሆኖታል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ልጅ ብቻዎን መያዝ አድካሚ ነው። ደብዳቤዎ ላይ ግን ልጁ አንድም ቃል ሲናገር አላየሁም። እርስዎ ይመክራሉ፣ አጎቱ ይናገራል፣ እሱ ይወረውራል። የአባቱ መሄድም መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር ታልፏል።

«ጠበኛ» ቀላል ቃል አይደለም። «ጠብ» ከግእዙ «ጸብእ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ጸብእ ጦርነት ነው። «ኛ» ሲጨመርበት ደግሞ አንድ ቀን የሠሩት ነገር መታወቂያ ይሆናል። የተጣላ ልጅ ነገ ይታረቃል፤ ጠበኛ የተባለ ከማን ጋር ይታረቅ?

በእኛ በሥነ ልቦና ሙያ ሦስት ነገሮች ይለያያሉ። ቁጣ ስሜት ነው፤ መጥቶ ይሄዳል። መምታትና መስደብ ድርጊት ነው። ሦስተኛው «ሰው ሁሉ ክፉ ያስብብኛል» የሚል እምነት ነው፤ እሱ ቁጣው ከበረደ በኋላም አይበርድም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ባስ እና ፔሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ 29 ጥያቄ የጠበኝነት መለኪያም ለየብቻ ነው የሚመዝናቸው። በልጅዎ የማየው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። ሦስተኛው እንዲህ ይበቅላል፦ ጠበኛ ሲባል የከረመ ልጅ መንገድ ላይ ሰው ሳያስበው ትከሻውን ቢገጨው «ሆን ብሎ ነው» ብሎ ይተረጉማል፣ ይማታል፣ ስሙም ይጸናበታል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎም እንዲሁ መተርጎም የጀመሩ ይመስለኛል። በር እኮ አንዳንዴ ነፋስም ያላጋዋል።

ስለዚህ ቃሉን ለሁለት ሳምንት ይተዉት፤ አጎቱንም ይለምኑት። በደብተር ሰዓቱን፣ ቀድሞ የተባለውንና የተደረገውን ብቻ ይጻፉ፤ «10 ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት ሲገባ፣ ምሳ አልበላም፣ ወንድሙን በጥፊ» ዓይነት። ታናሹ ሲመታ ግን ዝም አይባልም፦ ያለያዩዋቸው፣ ምክሩን ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት። በሁለት ሳምንት ለውጥ ላይታይ ይችላል። ስለት ካነሳ፣ ሰው ከጎዳ ወይም ስለ መሞት ካወራ ሳይጠብቁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ሥነ አእምሮ ክፍል ይውሰዱት። ባይብስበትም ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ቢቀመጥ እመርጣለሁ።

አባቱ ሲደውል ደግሞ የልጁን ጥፋት ከመንገርዎ በፊት ስልኩን ለእሱ ይስጡትና ከክፍሉ ይውጡ።