የከብት በረትን የፍየል ቤት ለማድረግ ላሰባችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በአዳማ ዙሪያ ተደራጅታችሁም ሆነ ከወላጆቻችሁ ተረክባችሁ ፍየል ለማርባት ከተነሣችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት ላምና በሬ ያድርበት የነበረን አሮጌ በረት በማደስ ስለሆነ፣ በእንስሳት ሕክምና ሙያ ስኖር ያስተዋልሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ። ሐሳቡን አልነቅፍም፤ ቋሚውና ጣራው ደኅና ከሆነ ብዙ ወጪ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ያ ቤት የተሠራው ታስሮ ለሚያድር፣ እርምጃው ለከበደ እንስሳ ነው። ፍየል ያለ ገመድ ታድራለች፣ ትንጠላጠላለች፣ ያገኘችውን ሁሉ በከንፈሯ ትመረምራለች። ስለዚህ ለቀለምና ለአዲስ የብረት በር ከመሮጣችሁ በፊት ገንዘባችሁን ወለሉና አየሩ ላይ አውሉት።

ከሁሉ አስቀድማችሁ የበረቱን ታሪክ ጠይቁ። እዚያ ቤት በድንገት ወድቆ፣ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ጥቁር ደም ፈስሶት የሞተ ከብት ከነበረ የቀድሞው ባለቤትም ጎረቤትም አይዘነጋውም። እንዲህ ያለው አሟሟት የአባሰንጋ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ተሐዋሱ በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችልና ሰውንም ስለሚይዝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማችሁ አንድ አካፋ አፈር ሳታነሡ የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ታሪኩ ደኅና ከሆነ አሮጌውን ፍግ እስከ መጨረሻው ጠርጋችሁ አውጡ፤ ወለሉ በደንብ ይድረቅ፤ ግድግዳውም ኖራ ይቀባ። ማገር ላይ የተረሳ የመዥገር መድኃኒት ጠርሙስ በየበረቱ ስለማይጠፋ ጣራውን ቀና ብላችሁ ፈትሹ። ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ እንጨትን በተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት በአካባቢያችን የተለመደ ቢሆንም፣ ፍየል እንጨት ትልሳለች፣ ትግጣለችም፤ ስለዚህ እርሷ በምትደርስበት ከፍታ ይህን አታድርጉ።

ጽዳቱ ሲያበቃ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ተንበርከኩና ግድግዳውን ከመሬት እስከ ደረታችሁ ከፍታ በመዳፋችሁ ዳስሱት። ራሱ የተቆረጠ ሚስማር፣ የዛገ የማሰሪያ ሽቦ፣ የተገለበጠ የቆርቆሮ ጫፍ ታገኛላችሁ። የላም ቆዳ የቻለው ሚስማር የምታጠባ ፍየልን ጡት ይቀድዳል። ሽቦ ካያችሁ ንቀሉት እንጂ አጥፋችሁ አትለፉት።

ወለሉን በተመለከተ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ የፍየል በሽታ ከእርጥበት ይነሣልና። የበረቱ የድንጋይ ንጣፍ ስንጥቁ ሽንት ይይዛል፤ በዚያ ላይ የምታድር ፍየል ኮቴዋ ይበሰብሳል፣ ግልገሎቿም በተቅማጥ ያልቃሉ። ብዙ ሰው መላውን ወለል በእንጨት ርብራብ ከፍ ማድረግን ይመክራል፤ ከሥሩ ለመጥረግ ግን ርብራቡ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል መነሣት ስላለበት፣ ጣራው ዝቅ ባለ አሮጌ በረት ውስጥ ፍየሎቹ የጋለ ቆርቆሮ ሥር ይታፈናሉ። የእኔ ምርጫ በአንደኛው ግድግዳ በኩል ብቻ የመኝታ መደብ መሥራትና የቀረውን ወለል ውኃ ወደ ውጭ እንዲወርድ አዘቅዝቆ መደልደል ነው። ፍየል በባሕርይዋ ከፍታ ስለምትወድ መደቡን ሳትነዱት ራሷ ትመርጠዋለች። ለመደቡ የተላገ ሞራሌ ተጠቀሙ፤ ድቡልቡል የባሕር ዛፍ አጣና ያንሸራትታል፣ እግርም ይሰብራል። በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ለትልልቆቹ ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የግልገሎቹ ግን ከዚህ ይጥበብ።

የአዳማን ነፋስ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ኮረብታ ላይ የተደረደሩት ለጌጥ አይደለም። ሆኖም ነፋሱን የፈራ ሰው በረቱን ከላይ እስከ ታች ሲደፍነው አያለሁ፤ ይህ ከነፋሱ የባሰ ነው። ግድግዳውን ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ገደማ አጥብቃችሁ ድፈኑት፤ ከጣራው ሥር ያለውን ግን ለአየር ተዉት። ነፋስና አቧራ የሚመጣበትን ወገን ግቢው ውስጥ ጨርቅ ሰቅላችሁ ለዩና ሰፊውን ክፍተት በተቃራኒው በኩል አድርጉ። ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ፍየሎቹ አድረው ሲነጋ፣ በሩ በሰፊው ሳይከፈት ግቡና በግልገል ቁመት ልክ ቁጢጥ በሉ። የሽንታቸው ሽታ ዐይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ ሳንባቸውንም እየቆጠቆጠ ነው፤ ቆሞ የሚያሸት ሰው ይህን አያውቀውም።

የላም ግርግም ዝቅተኛ ስለሆነ ፍየሎቹ ይገቡበታል፣ በጠጣቸውንም ይጥሉበታል፤ ከዚያ በኋላ የጨመራችሁት ድርቆሽ ሁሉ ብክነት ነው፤ የቆሸሸ መኖ አይበሉምና። ግርግሙን ከአጥሩ ውጭ አድርጋችሁ አንገታቸውን አሾልከው እንዲበሉ አድርጉ፤ ቀንዳሟ ፍየል አንገቷን አስገብታ ማውጣት እንዳታጣ ግን ክፍተቱን አስቀድማችሁ በራሷ ሞክሩት። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ይሁን፤ በውስጥ ከሆነ በከንፈሯ ትከፍተዋለች። ጅብ ከሥር ቆፍሮ እንዳይገባ የግድግዳውን መሠረትና የበሩን ደፍ በድንጋይ አጠናክሩ። ኩራዝ በጭድ አጠገብ አይሰቀል።

ብዛትን በሚመለከት፣ ለአንዲት ትልቅ ፍየል 1.5 ካሬ ሜትር ያህል አስቡ። 6 በ8 ሜትር የሆነ በረት በወረቀት ላይ 32 ፍየል ይይዛል፤ መተላለፊያው፣ የግልገሎቹ ክፍልና ለብቻው የሚያድረው አውራ ሲቀነሱ ግን እኔ ከ25 አላሳልፍም። ከገበያ የምትገዟቸውን ደግሞ በቀጥታ ወደዚህ ቤት አታስገቡ። ሲሲፒፒ የተባለው የፍየል ሳንባ በሽታና ፒፒአር የተባለው የበግና የፍየል ተላላፊ በሽታ ከገበያ ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ክትባታቸው እዚሁ ቅርባችን ቢሾፍቱ ስለሚመረት የወረዳችሁን ጤና ባለሙያ ቀድማችሁ አነጋግሩ። አዲሶቹን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለይታችሁ የምታቆዩበት ትንሽ ዳስ ነፋሱ ከቤቱ ወደ ዳሱ በሚነፍስበት ወገን ይሠራ፤ መጠጫና ባልዲውም የብቻው ይሁን፤ ጠዋት ስትሠሩም መጀመሪያ ነባሮቹን ጨርሱና አዲሶቹ ዘንድ መጨረሻ ላይ ግቡ።