አሰልጣኝ ስሎት በ2024/25 ከሊቨርፑል ጋር የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫውን የበላው ከሱ በፊት በነበረው አሰልጣኝ በክሎፕ ቡድን ነው?

ተጫዋቾቹ የክሎፕ ነበሩ፣ አጨዋወቱ ግን የስሎት ነበር። «የተዘጋጀ ማዕድ ላይ ነው የተቀመጠው» ያልከው ግማሹ ልክ ነው። በ2024 ክረምት ተፈርሞ ዋናውን ቡድን ወዲያው የተቀላቀለው አጥቂው ኪዬዛ ብቻ ነበር።

አማካዩን ግራቨንበርችን ግን ተመልከት። ሊቨርፑል የፈለገው ስፔናዊው ተከላካይ አማካይ ዙቢሜንዲ አልመጣም ሲል ስሎት ሌላ ሰው አልጠበቀም። በክሎፕ ጊዜ ቦታው ያልለየለትን ልጅ ተከላካይ አማካይ አደረገው። ኳስ ተቀብሎ በአንድ ንክኪ ተጋጣሚውን ዞሮት ሲወጣ አይተኸዋል? አራት ጨዋታ እየቀረ ሊጉ አለቀ። ደግሞ ስሎት የሆላንዱን ፌይኖርድንም በ2023 ሻምፒዮን አድርጓል፣ ጀማሪ አይደለም።

ብቻ በአንድ ጨዋታ አትፍረድ። እኔ መስከረም ላይ ሜዳችን አንፊልድ ውስጥ በኖቲንግሃም ፎረስት 1ለ0 ስንሸነፍ «ይሄማ አይቆይም» ብዬ ተወራረድኩ። ሚያዝያ ላይ ቶተንሃምን 5ለ1 አሸንፈን ዋንጫው ሲረጋገጥ፣ እየጨፈርኩ የሦስት ሰው ማኪያቶ ከፈልኩ።