የአንባቢዎች ጥያቄ፦ የማድራስ ሰፈር ድራማ ወዴት ገባ?

ጥያቄ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እኔ በፈረንጆቹ 80ዎቹ መጨረሻ ማድራስ (አሁን ቼናይ የምትባለው) ኢንጂነሪንግ የተማርኩ ሰው ነኝ። ማይላፖር የሚባል ሰፈር ተከራይቼ ስኖር የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ማታ ማታ ሰፈር ውስጥ ያለ አዳራሽ ይወስዱኝ ነበር፣ ሳብሃ ነው የሚሉት፣ ታሚልኛ አልችልም ግን ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ፣ እሳቸው ደሞ ጆሮዬ ስር በእንግሊዝኛ ሹክ እያሉ ያስረዱኛል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ይቆጣናል። አሁን ልጄ ባንጋሎር ስራ ይዛ ልጠይቃት ልሄድ ነው፣ ቼናይ አደርስሃለሁ ብላኛለች። ያ ድራማ አሁንም አለ ወይስ ቲቪ በላው? ደሞ አንድ ድራማ ላይ ዋናው ሰውዬ ስሙ ማዱ ነበር፣ ሌላ ድራማ ሳይም ማዱ፣ ሌላም ሳይ ማዱ፣ ነው እኔ ነኝ የማምታታው?
— ከአዳማ

መልስ

ጋሼ ኧረ አላምታቱም! ያ የታሚል ኮሜዲ ጸሀፊው የክሬዚ ሞሃን ድራማ ነው። ሰውዬው በብዙ ድርሰቶቹ ጀግናውን ማዱ፣ ሴቷን ጃናኪ ነው የሚላቸው፣ ጃናኪ የአስተማሪው ስም ነበር ይባላል። የሚገርመው እሱም እንደርስዎ ኢንጂነር ነው፣ እዛው ጊንዲ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ሜካኒካል ተምሮ ኮሜዲ መጻፍ የጀመረውም ተማሪ እያለ ነው። በ1979 የራሱን ቡድን አቋቋመ፣ ማዱን የሚጫወተው ወንድሙ ባላጂ ነበር፣ በኋላ ለፊልም ኮከቡ ካማል ሀሳን ፊልሞች ንግግር እየጻፈ አገር ያወቀው ሰው ሆነ። ሰኔ 2019 እ.ኤ.አ አረፈ። የሱ ቀልድ ግን ከላይ እስከ ታች የቃላት ጨዋታ ነው፣ አንዱ ሌላ ያወራል ሌላው ሌላ ይሰማል፣ እና እኚያ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ ሹክ እያሉ ምኑን እንዳስረዱዎት እግዜር ይወቀው ☺

ሳብሃው የሚሰራበትን መንገድ ያኔ ልብ ላይሉት ይችላሉ። እኛ ጋ የብሔራዊ ቲያትር ወይ የሀገር ፍቅር ተዋናይ ደሞዝተኛ ነው፣ ተመልካቹም በር ላይ ትኬት ቆርጦ ነው የሚገባው። እዛ ግን አዳራሹን የሚያኖሩት አባላት ናቸው፣ በየአመቱ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ሳብሃው በዛ ብር ድራማም ሙዚቃም ዳንስም እየመረጠ ያመጣላቸዋል፣ ለቡድኑ የሚከፍለውም እሱ ነው። ተዋናዮቹ ደሞ ቀን ባንክና መስሪያ ቤት ውለው ማታ ፊታቸውን የሚቀቡ ሰዎች ናቸው፣ ኋላ ትልቅ የፊልም ዳይሬክተር የሆነው ባላቻንደር ራሱ በመንግስት የሂሳብ መስሪያ ቤት ተቀጥሮ እየሰራ ነው ድራማ ይጽፍ የነበረው። ስለዚህ ዲኮሩ ሶፋ፣ በርና ስልክ ነው፣ ማይኩ ከላይ በገመድ ተንጠልጥሏል፣ ተዋናዩ ወሬ ሊያወራ ሲል ቀስ ብሎ ማይኩ ስር ይመጣና ቆሞ ወደ እኛ እያየ ያወራል፣ ሚስቱ ጎኑ ቆማ እያለች! ትያትር የተማረ ሰው ይሄን ሲያይ ያመዋል፣ ተመልካቹ ግን ምንም አይመስለውም፣ እያንዳንዷን ቃል መስማት ነው የሚፈልገው። እረፍት ላይ ካንቲን ወርደው በብረት ኩባያ አረፋ ያለው ቡና በወተት፣ በሽምብራ ዱቄት ተነክሮ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ከዛ ያቺ ቀልድ ባለፈው ከሰማናት አትሻልም እየተባለ ክርክር። ለኔ የሳብሃ ግማሹ ካንቲኑ ነው።

ቲቪ በላው ላሉት፣ ግማሽ እውነት አለው። የመንግስቱ ቲቪ ማድራስ የገባው በ1975 ነው፣ እሱ አልገደለውም፣ የርስዎ ጊዜ ድራማ እኮ የሞቀው ከዛ በኋላ ነው። የጎዳው በ1993 የግል ጣቢያው ሰን ቲቪ መጥቶ፣ ቀጥሎ በየቀኑ የሚታየው ሲሪያል ልክ በድራማ ሰአት እቤት ሲገባ ነው፣ ጸሀፊውም ተዋናዩም ወደ ስቱዲዮ ሄደ። ግን እኔን ከጠየቁኝ ጥፋቱ የሳብሃውም ነው። አባላቱ ሳቅ ፈለጉ፣ ሳብሃው ሳቅ ያለበትን ብቻ መረጠ፣ ቡድኖቹም ቀልድ መደርደር ሆነ ስራቸው፣ ታሪኩ እየሳሳ ሄደ፣ ያው አባል እዛው ወንበር ላይ አረጀ ልጁ ግን አልተተካም። የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም ያ መድረክ ጥርስ ነበረው። ቾ ራማስዋሚ በ1968 መሀመድ ቢን ቱግላክ የሚል ድራማ ሰርቶ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣን ዛሬ ተነስቶ ዴልሂ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ አሳይቶ ፖለቲከኞቹን አብግኗቸዋል። ኮማል ስዋሚናታን ደሞ ውሃ ስላጣ መንደር ጽፎ፣ ከመድረክ ወጥቶ በ1981 ባላቻንደር ፊልም አደረገው። ይሄ ሁሉ የታየው ቡናና የተጠበሰ ቃሪያ በሚሸጥበት አዳራሽ ነው፣ የተለየ የምሁራን ቤት አልነበረም።

ድራማው ግን አልሞተም ጋሼ፣ ጊዜውን ነው መምረጥ ያለብዎት። ታህሳስ ላይ አይሂዱ፣ ያኔ ከተማው በሙሉ ካርናቲክ የሚባለው የደቡብ ህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ነው፣ አዳራሹ ሁሉ ለዘፋኝ ተይዟል። ሚያዝያና ግንቦት ይሂዱ፣ ካርቲክ ፋይን አርትስ የሚባለው የበጋ ድራማ ፌስቲቫል ያዘጋጃል፣ አዳዲስ ድራማዎች ይወዳደራሉ፣ ሙቀቱ ግን ወገብ ይሰብራል፣ ጃኬት ምናምን እንዳይዙ። ናራዳ ጋና ሳብሃ አልዋርፔት ቲቲኬ መንገድ ላይ አለ፣ ቫኒ መሃል ደሞ ቲ ናጋር ገበያው ሰፈር። ልጅዎት ስልኳ ላይ ፕሮግራሙን ትይልዎ፣ እና እባክዎ እሷ ጆሮ ስር ሹክ አይበሉ፣ የኋላው ሰውዬ አሁንም አለ።

ጥያቄ

ዱባይ ሆቴል ውስጥ ነው የምሰራው፣ የታሚል ልጅ አብሮኝ ይሰራል፣ በቃ ኤምጂአር ኤምጂአር ነው አፉ። የኛ ፊልም ተዋናዮች በሙሉ ከመድረክ ነው የመጡት ይለኛል፣ እውነት ነው ወይስ ጉራ?
— ከዱባይ

መልስ

በሙሉ ማለቱ ጉራ ነው፣ ትልልቆቹን ካለ ግን ልክ ነው። የታሚል ፊልም ሁለቱ ተፎካካሪ ኮከቦች ኤምጂአርም ሲቫጂ ጋኔሳንም በልጅነታቸው የወንድ ልጆች ቲያትር ቡድን ውስጥ ነው ያደጉት፣ ይሄ ከላይ ያወራነው ሳብሃ አይደለም፣ ከከተማ ከተማ የሚዞር፣ ልጆቹ እዛው በልተው እዛው ተኝተው ዘፈንና ትወና የሚማሩበት ነው፣ የሴቱንም ቦታ ወንዶቹ ይጫወታሉ። ሲቫጂ የሚለው ስም ራሱ የወጣለት ፖለቲከኛው አናዱራይ በጻፈው ድራማ ላይ ንጉስ ሲቫጂን ሆኖ ሲጫወት የማህበራዊ ለውጥ መሪው ፔሪያር አይቶት ነው። አናዱራይ ኋላ የታሚሎች ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆነ፣ እሱም ድራማ ጸሀፊ የነበረው ካሩናኒዲም ሆነ፣ ኤምጂአር ከ1977 ጀምሮ፣ በ1980 ለጥቂት ወራት ከመቋረጡ በቀር፣ በ1987 እስኪሞት ገዛ፣ ኋላ እሷም ዋና ሚኒስትር የሆነችው ተዋናይቷ ጃያላሊታ ደሞ ልጅ እያለች በዋይጂ ፓርታሳራቲ የሳብሃ ቡድን ድራማ ሰርታለች። ብቻ ጓደኛሽን ስለ ሲቫጂ እንዳትጠይቂው፣ የኤምጂአር ሰው ከሆነ ይጣላሻል።