ልጄ ቁልፉን ሳላውቅ ቢወስድስ?

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ልጄ 17 ዓመቱ ነው። እሁድ እሁድ ከጎኑ ተቀምጬ በአሰላ መንገድ ቪትዛችንን አለማምደዋለሁ። ባለፈው ግን ተኝቼ ሳለ ቁልፉን አንስቶ፣ ጓደኞቹን ጭኖ ፍራንኮ ደርሶ ተመለሰ። ደግነቱ ምንም አልደረሰም። ቢደርስ ኖሮ፣ ሳላውቅ የወሰደው ስለሆነ ተጠያቂው እሱ ብቻ አይሆንም ወይ?

መልስ፦ አይሆንም። ብዙ ወላጅ እንደ እርስዎ ያስባል፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ «አልፈቀድኩለትም» ብለው አይድኑም። ቁጥሩ ለባለቤቱ የተወለት መውጫ፣ ጉዳቱ ሲደርስ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ነው።

እንግዲህ የገዛ ልጅዎን በሌብነት ሊከሱ ነው? ቢከሱስ፣ ዳኛው ቁልፉ የት ይቀመጥ እንደነበርና እሁድ እሁድ መሪውን ማን ያስይዘው እንደነበር መጠየቁ አይቀርም። በዚህ ሁሉ ተሳክቶልዎ ከ2081 ቢያመልጡ እንኳ ቁጥር 2124 ይጠብቅዎታል፦ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ይጠየቃል። ተጎጂው ካሳውን ለመጠየቅ 2 ዓመት ጊዜ አለው።

ወንጀሉ ግን የራሱ የልጅዎ ነው። በቸልተኝነት ሰው ቢገድል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይመለከተዋል። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዕድሜው ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ነፃ አያወጣውም።

የእሁዱንም ልምምድ ያቁሙ። አውቶሞቢል ለመንዳት መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው 18 ለሞላው ነው፤ አባት ጎን መቀመጥ ፈቃድ አይሆንም። ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆማችሁ መኪናውን አሳልፈው የሰጡት እርስዎም መልስ ይጠየቃሉ። (መንገዱ ጭር ያለ ነው እንዳይሉኝ፤ የአሰላ መንገድ የጭነት መኪናና የሚኒባስ መንገድ ነው።)

እስከዚያው እርስዎ እየነዱ እሱ ከጎን ሆኖ ይማር። ከፊት ያለው ባጃጅ ፍሬቻ ሳያሳይ ተሳፋሪ ለመጫን ጥግ ሊይዝ መሆኑን ከምን እንዳወቁ ይንገሩት፤ ቀጥሎ እሱ ቀድሞ ይንገርዎ። ዓይኑ የሚሠለጥነው እንዲህ ነው፤ ማሰልጠኛ ሲገባም ግማሹን ሥራ ጨርሶ ይሄዳል። ፈቃዱን ካወጣ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማታ አይንዳ፣ ጓደኞቹንም አይጫን። ይህ የሕግ ሳይሆን የቤት ደንብ ነው፤ ግን ይጻፉትና ይፈርምበት። አፍላ ወጣት ብቻውን ሲሆን የማያደርገውን ጓደኞቹ ፊት ያደርጋል።

ቁልፉን ዛሬውኑ ቦታ ይቀይሩለት። የኢንሹራንስ ውልዎንም አውጥተው ያንብቡ። ሙሉ ኢንሹራንስ ቢኖርዎትም፣ በአብዛኞቹ ውሎች መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ ለደረሰ ጉዳት ሽፋን የለም። ያን ጊዜ ካሳው የሚወጣው ከእርስዎ ኪስ ነው።