«አዋጅ» ወይስ «ትእዛዝ»? «የጦር» ወይስ «የጦርነት»?

ጥያቄ፦ «በሜሪላንድ ለሚሰማ የአማርኛ ሬዲዮ ዜና እተረጉማለሁ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመከላከያ ወይም ለባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት የሚፈርሙትን ሰነድ አንዱ ባልደረባዬ ‹አዋጅ›፣ ሁለተኛው ‹ድንጋጌ›፣ ሦስተኛው ‹መመሪያ› ይለዋል፤ ‹ቀጭን ትእዛዝ› ያለም አልጠፋም። ትክክሉ የቱ ነው? ደግሞስ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2025 ለመከላከያ መሥሪያ ቤታቸው የሰጡት መጠሪያ ‹የጦርነት ሚኒስቴር› ነው ወይስ ‹የጦር ሚኒስቴር›?»

መልስ፦ በእንግሊዝኛ «ኤግዚኪዩቲቭ ኦርደር» የሚባለው ሰነድ በአማርኛ «ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ» ወይም በቀላሉ «የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ» ነው። ከአራቱ ቃላት ይልቅ ይህን የምመርጠው ለጆሮ ስለሚጥም አይደለም፤ አማርኛ እነዚህን ቃላት የሚለያቸው ተናጋሪው ማንን ብሎ እንደተናገረ በማየት ስለሆነ ነው። አዋጅ ለሕዝብ ይነገራል፣ ትእዛዝ ለታዛዥ ይሰጣል። ጥንት ነጋሪት እየተጎሰመ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል የነበረው የነገሩ ባለቤት ሕዝቡ ሁሉ ስለነበረ ነው። ትእዛዝ ግን የበላይ ለበታቹ የሚሰጠው ቃል ስለሆነ ሌላው ሰው ቢሰማውም ባይሰማውም የሚጠየቅበት የታዘዘው ወገን ብቻ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለጦር ሠራዊቱ መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት ደግሞ በሕገ መንግሥታቸው የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ ጠቅላይ አዛዥ ስለሆኑ ነው፤ ጠቅላይ አዛዥ የሚሰጠው ነገር ትእዛዝ መባሉ ማስረጃ የሚያሻው አይመስለኝም።

«አዋጅ» የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ሌላም መልእክት ያደርሳል። ዛሬ በአገራችን የሕግ አወጣጥ አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ ደግሞ የአንድ ሚኒስቴር ወይም የሌላ አስፈጻሚ ተቋም ሥራ ነው፤ ደረጃቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይወርዳል። ስለዚህ «ፕሬዚዳንቱ አዋጅ አወጡ» የሚል ዜና የሰማ ሰው ወይ ኮንግረሱ መክሮበት አጽድቆታል ብሎ ይረዳል፣ ወይም ፕሬዚዳንቱ በኮንግረሱ ፋንታ ሕግ አውጪ ሆነዋል ብሎ ይደነግጣል። ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ግን ሕገ መንግሥቱ ወይም ቀድሞ የወጣ ሕግ ለፕሬዚዳንቱ በሰጠው ሥልጣን ላይ ቆሞ አስፈጻሚውን የሚያንቀሳቅስ ሰነድ ነው።

ይህን ስል ለባዕድ ነገር አዲስ ስም እየፈለግሁ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ነጋሪት ጋዜጣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሕጎችን «አዋጅ»፣ «ድንጋጌ»፣ «ትእዛዝ» እያለ በየራሳቸው ተራ ቁጥር ለይቶ ያትም ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ትእዛዝ ቁጥር 1/1935 የየሚኒስትሮቹን ሥልጣንና ተግባር የሚወስን ሲሆን የጦር ሚኒስትሩም ተግባር በዚያው ተወስኗል። የአገሪቱ የበላይ ባለሥልጣን የአስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶችን አሠራር የሚወስንበት፣ ቁጥር ያለውና በመንግሥት ጋዜጣ የሚወጣ ጽሑፍ «ትእዛዝ» ተብሎ እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? የአሜሪካም ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዞች እ.ኤ.አ. በ1935 በወጣ ሕግ መሠረት ቁጥራቸውን ይዘው ፌዴራል ሬጅስተር በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ይታተማሉ። ቃሉ ቤት ውስጥ እያለ ጎረቤት ለመበደር የምንሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

ልዩነቱ ለአንድ ፊደል ወይም ለአንድ ቃል ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ትእዛዝ ቁጥር 9066 የተጻፈው ለጦር ሚኒስትሩና ሚኒስትሩ ለሚመርጧቸው አዛዦች ነበር፤ ወታደራዊ ክልሎችን ወስነው ማንኛውንም ሰው ከዚያ እንዲያስወጡ ሥልጣን ሰጥቶ ያዝዛቸዋል። በጽሑፉ ውስጥ ጃፓን የሚል ቃል የለም። ሆኖም የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰንና አዛዦቻቸው በዚህ ሥልጣን 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች የነበሩትን፣ ከየቤታቸው አስነሥተው በካምፕ አጎሯቸው። ልክ በ34 ዓመቱ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1976፣ ፕሬዚዳንት ፎርድ ስለዚያው ጉዳይ ሌላ ሰነድ ፈረሙ፤ ቁጥሩ 4417 ሲሆን ዓይነቱ «ፕሮክላሜሽን» ነው፣ ማለት እውነተኛ አዋጅ። ፎርድ የተናገሩት ለአንድ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለመላው ሕዝብ ነበርና። ሁለቱንም «አዋጅ» ያልን እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ለወታደር የተሰጠ፣ ሁለተኛው ለአገር የተነገረ መሆኑ ከዜናው ይጠፋል። ግሡም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ፎርድ ትእዛዙን «ሻሩ» ማለት በጥብቅ አነጋገር ልክ አይሆንም፤ አዋጁ የሚለው በትእዛዙ የተሰጠው ሥልጣን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቃት በይፋ ከተነገረበት ከዲሴምበር 31 ቀን 1946 ጀምሮ ያበቃ መሆኑን ነው። «ማብቃቱን አረጋገጡ» ማለት ይበልጣል።

የሊንከን የ1863ቱ ሰነድ «የነፃነት አዋጅ» መባሉም በዚሁ መለኪያ ትክክል ነው። ሊንከን የጠቅላይ አዛዥነት ሥልጣናቸውን ጠቅሰው የጻፉት፣ ለጦሩም ግዴታ የሚያስቀምጥ ሰነድ ቢሆንም የተነገረው ለሕዝብ ነበር።

ባልደረቦችዎ «አዋጅ» የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይገባኛል። ብዙ ጊዜ የሰነዶቹ እንግሊዝኛ ራሱ ሰውን ያሳስታል። ፕሬዚዳንት ትሩማን ጁላይ 26 ቀን 1948 (ሐምሌ 19 ቀን 1940 ዓ.ም.) የፈረሙት ትእዛዝ ቁጥር 9981 በጦር ኃይሎች ውስጥ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ልዩነት ሳይደረግ እኩል አያያዝና እኩል ዕድል መኖሩ የፕሬዚዳንቱ ፖሊሲ መሆኑን ሲገልጽ የተጠቀመበት ግሥ «ማስታወቅ»ንም «ማወጅ»ንም አንድ ላይ የሚይዝ ነው። ተርጓሚው ያንን ግሥ ይዞ «ትሩማን የዘር መለያየትን በአዋጅ አስቀሩ» ይላል። በዚህ አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ስሕተቱ ሁለት ነው። «በአዋጅ» የሚለውን አይተናል። «አስቀሩ» የሚለው ደግሞ ያለቀለት ሥራ ይናገራል፤ ትእዛዙ ግን መለያየት የሚለውን ቃል እንኳ አያነሣም። ያደረገው ፖሊሲውን መግለጽ፣ አፈጻጸሙ የሠራዊቱን ብቃትና ሞራል ሳይጎዳ በተቻለ ፍጥነት እንዲሆን ማዘዝና ጉዳዩን የሚመረምር ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ማቋቋም ነው። በቻርልስ ፋሂ የተመራው ይህ ኮሚቴ ከሁሉም ይልቅ ከምድር ጦሩ መሥሪያ ቤት ጋር ሲከራከር ቆይቶ መሥሪያ ቤቱ ዕቅዱን የተቀበለው በ1950 መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ ጥቁር ወታደሮች ብቻ የነበሩባቸው ክፍሎች የፈረሱት በ1954 ነበር። ስለዚህ «መለያየት እንዲቀር አዘዙ» ማለትም የትሩማንን ሐሳብ እንጂ የሰነዱን ቃል አይገልጽም፤ «እኩል አያያዝ እንዲኖር አዘዙ» ማለት ለጽሑፉ ይቀርባል። አማርኛ ማዘዝን ከመፈጸም የሚለይባቸው ግሦች አልቸገሩትም፦ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ይተላለፋል፣ ይደርሳል፣ ይፈጸማል፣ ይጓተታል፣ ይሻራል። ዜና ጸሐፊ ከእነዚህ ውስጥ በዕለቱ የሆነውን ብቻ መምረጥ አለበት።

«ድንጋጌ»ን በአጭሩ እናልፈዋለን። በንጉሡ ዘመን ፓርላማው በማይሰበሰብበት ጊዜ የሚወጣ፣ የሕግ ኃይል ያለው ሰነድ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን «የአንቀጹ ድንጋጌ» እንደምንለው በሕግ ውስጥ ያለውን ይዘት ይመለከታል። ለያዝነው ጉዳይ በሁለቱም ፍቺው አይሆንም። «ቀጭን ትእዛዝ» ደግሞ ከላይ በስልክ ወይም በቃል የሚወርድ፣ ፊርማና ቁጥር የሌለው፣ ነገሩ በተበላሸ ቀን ባለቤት የሚጠፋለትን ትእዛዝ የምናማበት አነጋገር ነው። ተፈርሞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት በጋዜጣ የወጣውን ሰነድ ቀጭን ማለት ያለ ጥፋቱ መክሰስ ይሆናል።

«መመሪያ» ግን ቦታ አለው። ፕሬዚዳንቶቹ ከታተሙት ትእዛዞች ሌላ ለመከላከያና ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶቻቸው የሚልኳቸው የብሔራዊ ደኅንነት ሰነዶች አሉ፤ ስማቸው ከአንዱ ፕሬዚዳንት ወደ ሌላው ይለዋወጣል፣ በመንግሥት ጋዜጣ አይወጡም፣ ብዙዎቹም ለዓመታት በምስጢር ይያዛሉ። በኬኔዲ ጊዜ «የብሔራዊ ደኅንነት የተግባር ማስታወሻ» ይባሉ ነበር። ከእነዚህ ኦክቶበር 11 ቀን 1963 የወጣው ቁጥር 263 በዚያ ዓመት መጨረሻ 1,000 አሜሪካውያን የጦር ባልደረቦችን ከቬትናም ለማስወጣት የተያዘውን ዕቅድ ያጸደቀ ሲሆን፣ በዚያው ጽሑፍ የዕቅዱ አፈጻጸም በይፋ እንዳይነገር ያዝዛል። «አይነገር» የሚል ሰነድ «አዋጅ» ተብሎ ሲነበብ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ እተወዋለሁ። ለእነዚህ «የፕሬዚዳንቱ የደኅንነት መመሪያ» ብንል ያስኬዳል፤ ነገር ግን «መመሪያ» በአገራችን ከሕጎች ሁሉ የታችኛው እርከን ስም ስለሆነ፣ በተለይም አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የተቋማትን መመሪያ አወጣጥ ከወሰነ በኋላ፣ ብቻውን ቢቆም ሰሚው አንድ ሚኒስቴር ያወጣው ሊመስለው ይችላል። «የፕሬዚዳንቱ» የሚለውን ቃል አይጣሉት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ መልሴ ያለ ማመንታት «የጦር ሚኒስቴር» ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የሆኑት የጦር ሚኒስትር ነው እንጂ የጦርነት ሚኒስትር አይደለም። በአማርኛ «ጦር» መሣሪያውንም፣ ሠራዊቱንም፣ ውጊያውንም ይጠራል፤ «ጦርነት» ግን መዋጋቱን ብቻ። ለዚህ ነው የጦር ፍርድ ቤት፣ የጦር ሜዳ፣ የጦር አዛዥ፣ የጦር ኃይሎች የምንለው። «የጦርነት ወንጀል» ከ«የጦር ወንጀል» ጎን መነገሩ እውነት ነው፤ ወንጀሉ የሚፈጸመው በውጊያው ጊዜ ስለሆነ አላስቀይምበትም። መሥሪያ ቤት ግን የሠራዊት ቤት ነው።

በዚህ ዜና ላይ ከስሙ ይልቅ ያሳሰበኝ ግሡ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 5 ቀን 2025) የፈረሙት ትእዛዝ መሥሪያ ቤቱ «የጦር ሚኒስቴር» የሚለውን በተጨማሪ መጠሪያነት እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል። በሕግ የተሰጠውን ስም መለወጥ የኮንግረሱ ሥልጣን ስለሆነ «ስሙን ለወጡ» ከማለት «በዚህ ስምም እንዲጠራ ፈቀዱ» ማለት ይገባል። በታሪክ ዜና ላይ ደግሞ ይህን ያስታውሱ፦ ከ1789 እስከ 1947 የነበረው የጦር ሚኒስቴር ከ1798 ወዲህ የራሱ ሚኒስቴር የነበረውን የባሕር ኃይል አይጨምርም። በ1947ቱ ሕግ የጦር ሚኒስቴር የምድር ጦር መሥሪያ ቤት ሆነ፣ የአየር ኃይል መሥሪያ ቤት ተፈጠረ፣ ሦስቱም በአንድ የበላይ አካል ሥር ገቡ፤ ያ የበላይ አካል በ1949 የመከላከያ መሥሪያ ቤት ተባለ። ስለዚህ የ1942ቱ የጦር ሚኒስቴርና የ2025ቱ የጦር ሚኒስቴር በስም አንድ ቢሆኑም በስፋት አንድ አይደሉም።

ይህ ለውጥ በሹሞቹ ማዕረግ ላይም ይታያል። ኬኔዝ ሮያል የመጨረሻው የጦር ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1947 የመጀመሪያው የምድር ጦር መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኑ፣ በትሩማን ትእዛዝ ላይ ያንገራገሩትም በዚህ ሥልጣናቸው ነው። ከ1947 በፊት ያሉትን የባሕር ኃይል ሹም «የባሕር ኃይል ሚኒስትር» ማለት ልክ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ግን «የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሲቪል ኃላፊ» ቢሉ የካቢኔ አባል አለመሆናቸውም፣ መርከቦቹን የሚያዙት አድሚራል አለመሆናቸውም ይታወቃል። «መሥሪያ ቤት» የሚለውን አለመዝለል የሚጠቅመው ለሌላም ምክንያት ነው፤ በዚያ ቤት ሥር ባሕር ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ማሪን ጦሩም አለና። «የባሕር ኃይል ጸሐፊ» የሚለውን ትርጉም ከእንግሊዝኛው ቃል በቀጥታ የተገለበጠ ስለሆነ ይተዉት። «ጸሐፌ ትእዛዝም እኮ ታላቅ ሚኒስትር ነበር» ብሎ የሚሟገት አይጠፋም፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ግን የንጉሡን ትእዛዝ የሚጽፍ ሹም ነው፣ የመርከብ አዛዥ የበላይ አይደለም፤ የዛሬ አድማጭም «ጸሐፊ» ሲባል ትዝ የሚለው ደብዳቤ የምትመዘግበው የቢሮ ሠራተኛ ናት።

ስለ አጻጻፉ ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ «አዘዘ» ከሚለው ግሥ ስለሚወጣ በአልፋው «ትእዛዝ» ተብሎ ይጻፋል፤ በዓይኑ «ትዕዛዝ» የሚለው በጣም ቢለመድም ሥሩን አይጠብቅም። ብዙ ቁጥሩን በዜና ላይ «ትእዛዞች» ይበሉት። «ትእዛዛት» ስሕተት ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን «ፕሬዚዳንቱ ትናንት አሥር ትእዛዛት ፈረሙ» ብለው ሲያነቡ አድማጭዎ ሐሳቡ ወደ ሲና ተራራ መሄዱ አይቀርም።